መዳፍ በምታክል ፓነል ላይ «20 ዋት» ብሎ መጻፍ ይቁም!

ኧረ በሕግ አምላክ! ሰው ደጁ ላይ ካሜራ፣ አጥሩ ላይ መብራት፣ ማሳው ውስጥ የእርጥበት ሴንሰር ይሰቅላል። ሁለት ቀን ደመና ሲውል ቀጥ ይላል። ከዚያ «ሶላር የማይረባ ነገር ነው» ተብሎ ይነቀላል። ሶላር ምን አደረገ? የዋሸው ፓነሉ ጀርባ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ሳያሰላ «ይሄን ከዚህ አገናኙ፣ በቃ ዕድሜ ልኩን ይሠራል» እያለ ቪዲዮ የሚለቅ ሰው ነው።

ሂሳቡ ከባድ ቢሆን አንጀት አያሳርርም ነበር። ጠራራ ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1000 ዋት ገደማ ታወርዳለች። 10 በ10 ሴንቲሜትር የሆነች ፓነል ላይ የሚያርፈው እንግዲህ 10 ዋት ነው። ጥሩ የሚባል ሴል ከዚህ ውስጥ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው 20 በመቶ ገደማውን ነው፤ ስለዚህ 2 ዋት። ከየት መጥቶ ነው 20 የሚሆነው? ማስመሪያ ያዙና ጥቁሩን ሴል ብቻ ለኩ (ፍሬሙን አትቁጠሩ)፤ ርዝመትን በስፋት በሴንቲሜትር አባዙና ለ50 አካፍሉ። ከዚህ ብዙ የሚበልጥ ዋት ከተጻፈ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ቴስተር ያለው ሰው ደግሞ ፀሐይ ላይ አቅንቶ፣ ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርጎ የፓነሉን ሁለት ጫፍ ይንካ። ባለ 6 ቮልቱ 10 ዋት እውነተኛ ከሆነ ከ1.6 አምፔር ከፍ ይላል። 0.35 ካነበበ የያዛችሁት 2 ዋት ነው። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ፓነል ይህ መለኪያ ምንም ጉዳት የለውም፤ ባትሪ ላይ ግን በፍጹም እንዳትሞክሩት!

ባትሪውም ያው ነው። 18650 የሚባለው ሊቲየም ሴል በዚያ መጠኑ በአብዛኛው የሚይዘው ቢበዛ 3500 ሚሊአምፔር-ሰዓት አካባቢ ነው። «9900» የሚል ካያችሁ አትግዙት። ሚዛን ላይም አውጡት፤ ደህናው ከ45 ግራም በላይ ይመዝናል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ማንም የማይነግራችሁ እሱን ነው። ዕቃው በቀን ስንት ይበላል? በ5 ቮልት 200 ሚሊአምፔር የሚስብ ካሜራ 1 ዋት ነው፤ በ24 ሰዓት 24 ዋት-ሰዓት። በቀን 4 ሰዓት የሚያህል ሙሉ ፀሐይ የምታገኙ ከሆነና በቻርጀር፣ በሙቀትና በአቧራ የሚባክነውን 30 በመቶ ብትቀንሱ፣ ለዚህ ካሜራ 9 ዋት ፓነል ግድ ነው። ያውም ደመና በሌለበት ቀን! ከደመና በኋላ ባትሪውን መልሶ እንዲሞላ ከተፈለገ እውነተኛ 15 ወይም 20 ዋት ያስፈልጋል። ሦስት ቀን ያለ ፀሐይ እንዲቆይ ደግሞ 72 ዋት-ሰዓት ይፈልጋል፤ የባትሪውን ቮልት ወደ 5 የምታሳድገዋ ቦርድ የምታባክነውና ባትሪው ሙጥጥ እንዳይል የሚተርፈው ሲታከል ባለ 3000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ሴል 10 ያህል ማለት ነው። በሁለት ሴል የሚሸጥላችሁ «የሶላር ካሜራ» ቀኑን ሙሉ የሚቀርጽ ሳይሆን እንቅስቃሴ ሲያይ ብቻ የሚነቃ ነው። ያንን ሳጥኑ ላይ ጻፉት እንጂ!

ሴንሰሩስ ትንሽ ነው ትላላችሁ። ሴንሰሩን የሚያንቀሳቅሰው ኢኤስፒ32 (ዋይፋይ ያለው ትንሽ ቺፕ) በየ15 ደቂቃው ነቅቶ ለ5 ሰከንድ ዋይፋይ ላይ 120 ሚሊአምፔር ቢስብ፣ በቀን የሚጨርሰው 16 ሚሊአምፔር-ሰዓት ብቻ ነው። እሰየው! ግን ቦርዱ ላይ የተበየደችው ኤኤምኤስ1117 የምትባል ሪጉሌተር (ቮልት ቀንሳ የምታስተካክል ቺፕ) ዕቃው ተኝቶም ሳለ ለራሷ 5 ሚሊአምፔር ያህል ትበላለች፤ በቀን 120። ሥራው ከሚፈጀው ሰባት እጥፍ ማለት ነው! ቀይዋ መብራትም አለች፣ እሷም ሌት ተቀን ትጠጣለች። መብራቷን ንቀሉ፤ ሪጉሌተሩን በኤችቲ7333 ወይም በኤምሲፒ1700 ተኩ፤ እነዚህ ለራሳቸው የሚወስዱት ጥቂት ማይክሮአምፔር ነው። (ኤኤምኤስ1117 ከሚያወጣው ቢያንስ 1 ቮልት ያህል የበለጠ ካልገባለት በትክክል አይሠራም። ከሊቲየም ባትሪ 3.3 ቮልት ለማውጣት መጀመሪያውኑ ምርጫ አልነበረም።)

ቲፒ4056 የምትባለዋ ርካሽ ቻርጀር ላይ ባለ 12 ቮልት ፓነል የሚያገናኝ ሰው አሁንም አለ። ተዉ! «12 ቮልት» የሚባል ፓነል ምንም ሳይጫንበት 21 ቮልት ገደማ ያወጣል፤ ቺፑ የሚችለው 8 ነው። ለእሷ የሚሆናት ባለ 6 ቮልቱ ነው። 12 ቮልት ፓነል ካላችሁ ሲኤን3791 የሚባል ቺፕ ያለበትን ቻርጀር ግዙ፤ ግን ለ12 ቮልት ፓነል የተስተካከለውን፣ ምክንያቱም ለ6 እና ለ9 የተሠራም አለ። ፓወር ባንክ እንጠቀም የምትሉ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ፦ ብዙዎቹ የሚሳበው ኤሌክትሪክ ትንሽ ሲሆን «ዕቃ የለም» ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ለሚተኛ ሴንሰር አይሆኑም።

ጥላ ነገር አትናቁ። ሴሎቹ ተከታትለው ስለተገናኙ አንዷ ላይ ያረፈች ቅጠል የሁሉንም ጉልበት ታዳክማለች። ፓነሉን ጠፍጣፋ አታስተኙት፤ ቢያንስ 10 ዲግሪ ካዘነበለ ዝናብ ያጥበዋል።

ባትሪውን ፓነሉ ጀርባ ላይ መለጠፍ የሚባል ልማድ ደግሞ አለ። የፓነል ጀርባ ፀሐይ ላይ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ሊቲየም ባትሪ ግን ከ45 በላይ ቻርጅ መደረግ የለበትም፣ ከ0 በታችም እንዲሁ። ለብቻው በሳጥን አድርጉና ጥላ ውስጥ ስቀሉት። ሽቦው ከታች ይግባ፣ ከታች ትንሽ መተንፈሻ ይኑረው። ጥርቅም አድርጎ በሲሊኮን የታሸገ ሳጥን ውስጥ ሌሊት ሌሊት ላቦት ይፈጠራል፤ መውጫ ስለሌለውም ቦርዱን ዝገት ይበላዋል።

በጣም የሚያናድደኝ ግን የሽቦው ጉዳይ ነው። «ካሜራዬ ቀን ይሠራል፣ ማታ እየጠፋ ይነሳል» ሲባል ሁሉም ባትሪ ቀይር ይላል። ማታ ካሜራው በጨለማ የሚያይበትን የኢንፍራሬድ መብራት ሲያበራ የሚስበው ወደ 500 ሚሊአምፔር ይወጣል እንበል። ሽቦው 10 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ውፍረቱ 0.13 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ቀጭን ከሆነ፣ ደርሶ መልስ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪኩን የሚገታበት መጠን) 2.6 ኦም ነው፤ መንገድ ላይ ብቻ 1.3 ቮልት ይቀራል። 5 ቮልት የላካችሁለት ካሜራ 3.7 ደረሰው። በ1 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ቢሆን የሚጠፋው 0.2 ቮልት እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ማታ፣ መብራቱ በርቶ ሳለ፣ ካሜራው ጫፍ ላይ ቮልቱን ለኩ። ባትሪው ዘንድ 5፣ ካሜራው ዘንድ ከ4.75 በታች ከሆነ ሽቦውን ቀይሩ።