ከየት አመጣኸው?

ወገኖቼ፣ በየቤታችን የማትጠፋ አንዲት ጥያቄ ነበረች። ልጅ ከጨዋታ ሲመለስ በእጁ ብይ ቢይዝ፣ እርሳስ ቢይዝ፣ ከጎረቤት ግቢ የወደቀ ሎሚ ቢይዝ፣ እናት ከምድጃዋ ቀና ሳትል «ከየት አመጣኸው?» ትላለች። ልጁ ከተንተባተበ አለቀለት፤ ጆሮው ተይዞ ዕቃውን ወዳነሳበት ቤት ይወሰዳል። እኔ በአንዲት ብይ ምክንያት ሠፈሩን እያለቀስኩ አቋርጬዋለሁ። እናቴ ያን ቀን ከቤት የወጣችው የሽሮ ድስቷን ከእሳት ሳታወርድ ነበር። ስንመለስ አርሮ ጠበቀን፤ ያረረውን ሽሮ አንድ ቃል ሳንነጋገር በላነው።

ያቺ ጥያቄ የት ገባች? በሌላ ተተክታለች። «ስንት ገዛኸው?» ሆናለች።

ባለፈው ሰኔ እዚህ ሎስ አንጀለስ የአንድ ወዳጃችን ልጅ ሁለተኛ ደረጃ በማጠናቀቁ ድግስ ተጠርተን ነበር። ከእንግዶቹ መካከል የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበረ፤ ስሙን አልጠራም፣ ልጃችን ነው። የተጫማው ጫማ ሰውን ሁሉ ከወጡ አዘናጋው። የጠረጴዛችን ወንዶች እንደ ገበያ ደላላ ዋጋ መገመት ጀመርን። አንዱ አራት መቶ ዶላር አለ። እኔም በጣም እንዳወቀ ሰው አንገቴን እየነቀነቅኩ «ከሰባት መቶ አያንስም» አልኩ። ልጁ ፈገግ ብሎ «ዘጠኝ መቶ ሃምሳ» ሲለን በአድናቆት አፏጨን። ትከሻውን መታ መታ ያደረገውም ሰው ነበር። የልጁ እናት ሌሊት አረጋውያንን ስትንከባከብ የምታድር፣ ቀን ደግሞ ሌላ ቤት የምትሠራ ሴት ናት። ያኔ ሳህኗን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እንጀራዋን አቀርቅራ ትመለከት ነበር። ከዚያ ሁሉ ሽማግሌ፣ ከዚያ ሁሉ ክርስትና አባትና አጎት መካከል «ከየት?» ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። እኔም አላልኩም። እንግዲህ ይህን ተግሣጽ ስጽፍ ከራሴ እየጀመርኩ ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ የቆየ ፊልም አየሁ። ሶፊያ ኮፖላ እ.ኤ.አ. በ2013 የሠራችው «ዘ ብሊንግ ሪንግ» ነው፤ የብልጭልጭ ወሮበሎች እንደማለት። በዝነኞች ኑሮ ልባቸው የጠፋ ጎረምሶችና ኮረዶች የዝነኞቹን ቤት እየሰበሩ ሲዘርፉ ያሳያል። ፊልም ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። የተለወጠው የልጆቹ ስም ነው እንጂ ነገሩ የተፈጸመው እዚሁ እኛ ታክሲ በምንነዳበት፣ መኪና በምናቆምበት፣ ሕሙማን በምናስታምምበት ከተማ ነው። ከኦክቶበር 2008 እስከ ኦገስት 2009 ድረስ የፓሪስ ሂልተን፣ የሊንዚ ሎሃን፣ የኦርላንዶ ብሉም፣ የሬቸል ቢልሰን፣ የኦድሪና ፓትሪጅና የሌሎችም ቤት ተዘረፈ። የተወሰደው ገንዘብና ዕቃ 3 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተገምቷል።

አብዛኞቹ ልጆች ከካላባሳስና ከአካባቢዋ የመጡ ነበሩ። ካላባሳስን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከፌርፋክስ ጎዳናችን ተነሥታችሁ በ101 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ስትነዱ የምታገኟት፣ ግቢዎቿ በዘበኛ የሚጠበቁ የሀብታም ከተማ ናት። ደንበኛ ላደርስ ስሄድ ዘበኛው ሁልጊዜ ስሜን ሁለት ጊዜ ያስደግመኛል። እነዚህ ልጆች የተራቡ አልነበሩም። መኪና ነበራቸው፣ ቤታቸው ሙቅ ነበር፣ ብዙዎቹ ከደኅና ቤተሰብ የወጡ ናቸው። ድህነት ነው ያሰረቃቸው የምትል አንደበት እዚህ ላይ ትዘጋለች።

አሠራራቸው የጥንቱን ሌባሻይ አስታወሰኝ። ሌባሻይን አያቶቻችን ያወሩን ነበር፤ አንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር ጠጥቶ፣ ወገቡን በመቀነት ታስሮ፣ ሠፈር ለሠፈር ሲባዝን ይቆይና የአንዱ ቤት ደጃፍ ላይ ይወድቃል፤ የዚያ ቤት ጌታ ሌባ ይባላል። ስንት ንጹሕ ሰው ተበላሽቶበታል! የካላባሳሶቹም ልጆች ሌላ ዓይነት መጠጥ የጠጡ ናቸው። ኢንተርኔት ላይ የዝነኛውን አድራሻ ይፈልጋሉ፤ ቤቱን ከሰማይ በተነሳ ፎቶ ያጠናሉ፤ ባለቤቱ ዛሬ ማታ ሌላ ከተማ ድግስ ላይ ነው የሚል ወሬ ሲያነቡ ይነሣሉ። የኦድሪና ፓትሪጅ ቤት የተዘረፈው የ2009 የኦስካር ሽልማት በሚሰጥበት ምሽት ነበር። የድሮው ልጅ ሰክሮ ሌባ ይፈልግ ነበር፤ የአሁኑ ሰክሮ ሌባ ሆነ።

የፓሪስ ሂልተንን ቤት ቁልፍ ያገኙት ከደጁ ምንጣፍ ሥር ነው። ገቡ፣ ወጡ፤ ደግመው ገቡ። እርሷ ለረጅም ጊዜ መሰረቋን እንኳ አላወቀችም። ያወቀችው ብዙ ጌጣጌጥ በአንድ ሌሊት ሲሄድባት ነው። ኮፖላ ፊልሙን ስትሠራ ሂልተን እውነተኛ ቤቷን ከፍታላታለች። የራሷ ፊት የታተመባቸው ትራሶች፣ ለጫማ ብቻ የተመደበ ክፍል፣ የምሽት ክበብ የመሰለ ሳሎን እናያለን። እኔ ቤት አንድ የሻይ ማንኪያ ቢጎድል ባለቤቴ እስከ ማታ ትፈልገዋለች፤ ስለዚህ ያንን የጫማ ክፍል ሳይ ከልጆቹ ይልቅ በራሷ በሂልተን ተገረምኩ። ያም ሆኖ የሰው ነው። የበዛለት ሰው ንብረት አይነካም ማለት ድሮ ለማንም ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

አሁን ልብ በሉ። ነገሩ ከሂልተን ቤት አልተጀመረም። ዝርፊያውን የጠነሰሱት ሁለት ጓደኛሞች መጀመሪያ ያደርጉት የነበረው በሌሊት መንገድ ዳር የቆሙ መኪኖችን በር እየነኩ መሄድ ነው። ያልተቆለፈ ካገኙ ቦርሳ፣ ጥሬ ገንዘብ፣ ክሬዲት ካርድ ይወስዳሉ። በነጋታው ገበያ ይወጣሉ። ከእንቁላል እስከ በሬ ሰርቆ መሰቀያው ሥር ሲደርስ እናቱን «በእንቁላሉ በቀጣሽኝ» ያላትን ልጅ ታውቁታላችሁ፤ እናቶቻችን በዚያ ተረት ነው ያሳደጉን። ያልተቆለፈው መኪና እንቁላሉ ነበር። ልጅ በማግስቱ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ቁርስ ሲቀርብ፣ ለቡናው ስኳር ከማቀበል በፊት አንድ ቃል መጠየቅ ይገባ ነበር።

ፊልሙ ውስጥ ያለችው አንዷ እናት ደግሞ ከዚህም የባሰች ናት። ልጆቿን ቤት ውስጥ የምታስተምረው «የተመኛችሁት ሁሉ ወደ እናንተ ይመጣል» በሚል ትምህርት ነው። ሰሌዳ ላይ የታዋቂ ተዋናይት ፎቶ ለጥፋ የተዋናይቷን በጎ ጠባይ ዘርዝሩልኝ ትላለች። ደግ ሴት ናት፤ ጸሎትም ታስጸልያለች። ቤቷ ውስጥ የሰው ቦርሳና የሰው ቀሚስ ሲመላለስ ግን ዓይኗ አያይም። ሳቅኩባት። ከዚያ ሳቄ አነቀኝ፤ ዓይኗ የማያይ እናት ሆሊዉድ ብቻ ያለች ይመስል!

እስቲ እንነጋገር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ያወረስነው እኛ ነን። ሌላው ሕዝብ ሌብነት ሲደርስበት ይሸፋፍናል፤ እኛ ምሳሌያዊ አነጋገር አድርገን ለልጅ አስተማርነው። ሥራው የማይታወቅ ሰው ትልቅ መኪና ይዞ ሲመጣ በሠርግ የፊት ወንበር እንለቅለታለን፤ ማኅበራችን ውስጥ ሰብሳቢ እናደርገዋለን፤ ገንዘብ ሲሰጠንም እልል እንላለን። በየስልካችን ላይ የተከራየውን መኪና የራሱ አስመስሎ የሚያሳየንን ወጣት በሺዎች ሆነን እናጨበጭብለታለን። ከሪያድ ወይም ከቤይሩት የሰው ቤት እያጸዳች ያገኘችውን ደመወዝ ቲክቶክ ላይ ለማያውቃት ሰው ስጦታ የምትልክ እኅታችን አለች፤ ስሟ ጮክ ተብሎ እንዲጠራላት ብቻ! ለልጁ የዘጠኝ መቶ ሃምሳ ዶላር ጫማ ያስመኘው ማን ነው? ፓሪስ ሂልተን ናት? ልጁ ስሟንም የሚያውቅ አይመስለኝም። ያስመኘነው እኛ ነን፤ ያን ምሽት ስናፏጭ እየሰማን ነበር።

ልጁን ሌባ አላልኩም። ጫማው ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ የማላውቀውም ስላልጠየቅኩ ነው። ምናልባት እናቱ ገዝታለት ይሆናል። ያኔ ደግሞ «ከየት?» የሚለው ጥያቄ ይብሳል እንጂ አይቀልም። ያ ጫማ የመጣው ከእናቱ እንቅልፍ ነው። ስንት ሌሊት የሽማግሌ አንሶላ ስትቀይር አድራ፣ የክሬዲት ካርዷ ወለድ ተደምሮበት የመጣ ነው። ልጁ ይህን ቢያውቅ በዚያ አረማመድ ይራመድበት ነበር?

አንዳንዶቻችሁ አሁን «አሜሪካ ነው ያለነው፣ ልጅን ብዙ መጠየቅ አይቻልም» ልትሉኝ ነው። እውነቱን እናውጣው፤ ልጆቻችንን እንፈራቸዋለን። ቋንቋው የእነርሱ ነው። ከትምህርት ቤት የመጣውን ደብዳቤ የሚያነቡልን እነርሱ፣ ከኢንሹራንስ ጋር በስልክ የሚከራከሩልን እነርሱ፣ የሐኪሙን ቃል የሚተረጉሙልን እነርሱ ናቸው። በስምንት ዓመቱ አስተርጓሚያችን ያደረግነውን ልጅ በአሥራ ስድስት ዓመቱ «ና ቁጭ በል፣ ይህን ከየት አመጣኸው?» ለማለት አንደበታችን ይተሳሰራል። በዚያ ላይ ጥፋተኝነት አለብን፤ ሁለት ሥራ እየሠራን አላሳደግናቸውም፤ እና በዕቃ እንክሳቸዋለን። ይገባኛል። እኔም ሌሊት ነጂ ነኝ። ነገር ግን የእንግሊዝኛ ቃል ጠፋብኝ ብሎ ዝም የሚል አባት የአማርኛው አለው እኮ! ሁለት ቃል ናት። ልጁም ከነትርጉሟ ያውቃታል።

የካላባሳሶቹ ነገር እንዴት እንዳለቀ ታውቃላችሁ? ከሁሉ የከበደው ፍርድ 4 ዓመት ነበር፤ አብዛኛው ሰው የቀለለ ቅጣት አግኝቶ ወጣ። እኔን ያስገረመኝ ግን ፍርዱ አይደለም። አንዷ ተከሳሽ በዚያው ሰሞን የቤተሰቧን ኑሮ የሚቀርጽ የቴሌቪዥን ዝግጅት ነበራት፤ ክሷ ራሱ የዝግጅቱ ታሪክ ሆኖ ቀረበ። ይህችው ልጅ ስትታሰር፣ ባልንጀሮቿ ቤቷን ሰበሩባት ከተባለችው ከሊንዚ ሎሃን ጋር በአንድ ወቅት በአንድ የሴቶች እስር ቤት ተገናኙ፤ ሎሃን የገባችው በራሷ ጥፋት ነው። ጉዳዩን የመረመረው ፖሊስም ክሱ ፍርድ ቤት ሳያልቅ ለፊልሙ አማካሪ ሆኖ ገንዘብ ተቀበለ፤ ፊልሙ ላይም ብቅ ብሎ ታየ። ዘራፊው፣ ተዘራፊውና ያዡ ሁሉም መብራቱ ሥር ለመቆም ተጋፉ። ፊልሙ ሲያበቃ ከእስር የወጣችው ኮረዳ ቴሌቪዥን ላይ ቀርባ ስለ ሎሃን ታወራና ወደ ካሜራው ዞራ የድረ ገጿን አድራሻ ለተመልካች ትናገራለች። እንዳትረሱኝ ነው ነገሩ። የተጸጸተ ሰው አላየሁበትም።

ስለዚህ እናንተ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎች፣ የዕድርና የማኅበር ሰብሳቢዎች፣ ስማችሁ በስጦታ የሚጠራ ባለጸጎች፣ እናንተም እንደኔ ጠረጴዛ ላይ ዋጋ የምትገምቱ አባቶች፣ በሚቀጥለው ድግስ ዋጋ አትገምቱ። ጎረምሳውን ስለ ትምህርቱ ጠይቁት። ጫማውን ካነሳችሁ ደግሞ በሙሉ አንሡት።

እኔ ይህን ምክር ለመሞከር ብዙ አልቆየሁም። ባለፈው ሐሙስ የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጄ አዲስ የእጅ ሰዓት አድርጋ ገባች። ወጥ እያሞቅኩ ነበር። ልክ እንደ እናቴ፣ ዘወር ሳልል «ከየት አመጣሽው?» አልኳት። ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ተውሳ እንደሆነ ነገረችኝ፤ ለጓደኛዋ እናት ደውዬ አረጋገጥኩ፤ እውነት ነበር። ልጄ ትንሽ አኮረፈች። ከዚያ ግንባሬ ላይ ወደ ሰቀልኩት የፀሐይ መነጽር እያየች «አባዬ፣ ያንተስ መነጽር?» አለችኝ።

መነጽሩ የእኔ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ተሳፋሪ ኋላ ወንበር ላይ ረስቶት ወረደ፤ እግሩ ላይ የወርቅ ቀለም ጽሑፍ አለበት። ከፈለገው ይደውላል ብዬ መኪናው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። አንድ ቀን ፀሐዩ ሲበረታብኝ አደረግኩት፤ ከዚያ ወዲያ አላወለቅኩትም። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ስንት ሰው «ያምርብሃል፣ ስንት ገዛኸው?» ብሎኝ ፈገግ ብዬ አልፌአለሁ።

ወጡ አረረ። ልጄ ምድጃውን አጠፋችልኝ።

ዛሬ እሑድ ነው። የታክሲ ድርጅታችን የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው፤ ነገ ጠዋት ይከፈታል። መነጽሩን በፖስታ አሽጌ በር አጠገብ፣ ልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን በምታስቀምጥበት ወንበር ላይ አኑሬዋለሁ።