ባቡሩም ይተኛል

ሰው ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚገዛው ፍጥነት ነው። ፈጣን መኪና ይገዛል፤ ፈጣን ስልክ ይይዛል፤ ወረፋ ላለመቆም ይከፍላል። ገንዘቡ ከዚያም ሲያልፍ ነገሩ ይገለበጥና ዝግታ መግዛት ይጀምራል። ዝግታ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም።

የስኮትላንዱን ሮያል ስኮትስማን ውሰዱ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1985 ጀምሮ ባለገንዘቦችን በስኮትላንድ ተራሮች መሀል የሚያንሸራሽር የቅንጦት ባቡር ነው። የሚጭነው ቢበዛ 40 ሰው ነው። ለጥቂት ሌሊት በነፍስ ወከፍ በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ያስከፍላል። «ታዲያ የት ያደርሳል?» የሚል አይጠፋም። የትም። አብዛኛውን ጊዜ ከኤድንብራ ያነሳችሁና፣ ተራራ ለተራራ ሲያዞራችሁ ሰንብቶ፣ መልሶ ኤድንብራ ያራግፋችኋል። እስቲ አንድ ሚኒባስ ከሜክሲኮ ጭኖን፣ ከተማውን ሲያዞረን ውሎ፣ መልሶ ሜክሲኮ ያውርደን። ረዳቱ በሰላም ቤቱ ይገባል?

እዚያ ግን ያመሰግናሉ። አቀባበሉም የዋዛ አይደለም። ዋቨርሊ በሚባለው የኤድንብራ ጣቢያ ቀሚስ የታጠቀ ሰውዬ ባግፓይፕ የሚሉትን የከረጢት ዋሽንት እየነፋ ከፊት ከፊት ይመራል። እንግዶቹ ተከትለውት ወደ ባቡሩ ያዘግማሉ። በዚያው ቅጽበት፣ በዚያው ጣቢያ፣ ሥራ የረፈደበት ሰው ቡናውን በወረቀት ኩባያ ይዞ እየሮጠ ነው። ቡናው እጁ ላይ ይፈሳል። ዋሽንት ነፊውን በትከሻው ገፋ አድርጎ ያልፋል። አንዱ ለመድረስ ይሮጣል፤ ሌላው ላለመድረስ ከፍሏል።

በፈረንጆቹ ከ2019 ወዲህ ባቡሩ የሉዊ ቪቶንና የዲዮር ባለቤት በሆነው ኩባንያ እጅ ነው። ስለዚህ ባቡሩ ላይ የዲዮር ስፓ አለ። የምሬን ነው። ሐዲድ ላይ ተጋድማችሁ ትታሻላችሁ። ባቡር እኮ በተፈጥሮው ወገብ የሚያሽ ነገር ነው። ትንሽ መጠበቅ ነው እንጂ በነፃ ያሽ ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የሌሊቱ ነገር ነው። ባቡሩ የመኝታ ባቡር ነው። ሰው አልጋ ያለበት ባቡር የሚሳፈረው ተኝቶ ሲነቃ ሌላ አገር ለመድረስ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ይሄኛው ግን ሲመሽ ጸጥ ያለ ጣቢያ ወይም ጥግ ይፈልግና ይቆማል። ለምን? እንግዶቹ እንቅልፋቸውን እንዲለጥጡ! ባቡሩ ቢሄድ ይወዛወዛል፤ ቢወዛወዝ ይረበሻሉ። ስለዚህ እነሱም ይተኛሉ፣ ባቡሩም ይተኛል። ቆይ፣ ታዲያ ይሄ ቁርስ ከበላ በኋላ የሚንቀሳቀስ ሆቴል ነው ማለት አይደለም?

ነገሩ ግን ዘር አለው። ንግሥት ቪክቶሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ባቡር የተሳፈረችው በ1842 ነበር። ሲወርዱ ባሏ ልዑል አልበርት ለባቡሩ ኃላፊ «በሚቀጥለው ጊዜ ቀስ በል» ብሎታል ይባላል። እሷም ብትሆን መፍጠን የምትወድ ሴት አልነበረችም። ንግሥት ስትዘገይ ዘገየች አይባልም፤ የሚባለው ሌሎቹ ቀድመው መጡ ነው። ይቺው ንግሥት ስኮትላንድን ወዳ፣ ባልሞራል የተባለውን ግቢ ይዛ፣ ምንጣፉን ሳይቀር ታርታን በሚሉት የስኮትላንዶች ባለ ካሬ ጨርቅ አስዋበችው። ከዚያ በኋላ ባለጠጋ ሁሉ ስኮትላንዳዊ መምሰል አማረው።

ዛሬም አምሮታል። ባቡሩ ላይ ደንበኛ ልብስ የሚለበስበት የእራት ምሽት አለ። ወንዶቹ ከላይ ጥቁር ኮትና የአንገት ቢራቢሮ፣ ከታች ኪልት የሚሉትን የስኮትላንድ ቀሚስ ታጥቀው ብቅ ይላሉ። አያት ቅድመ አያቱ ስኮትላንድን በካርታ እንኳን ያላየ ሰውዬ ጉልበቱን አስጥቶ ይቀመጣል። ኪልት ለለመደው ያምራል፣ አይካድም። ላልለመደው መከራው መቀመጡ ላይ ነው። ሴቶች በልጅነታቸው ተምረው የጨረሱትን ቀሚስ ሰብስቦ የመቀመጥ ጥበብ እሱ በስልሳ ዓመቱ ሀ ብሎ ይጀምራል።

ገበታው ላይ የማያውቁት ሰው አጠገብ መቀመጥ አለ። እኛ ብንሆን የት ሰፈር፣ የማን ልጅ፣ አገባህ፣ ወለድክ እያልን በሾርባው እንጨርሰው ነበር። እዚያ እንደሱ አይጠየቅም። ስለ ገንዘብማ ጭራሽ። ስለዚህ ገንዘብን ሳይጠሩ ገንዘብ የሚያወሩበት ዘዴ አላቸው። «ከዚህ በፊት የትኛውን ባቡር ሞክራችኋል?» ይላል አንዱ። «የቬኒሱን» ትላለች ወይዘሮዋ፣ ሳትቸኩል። «እኛ የፔሩን» ይላል ከወዲያ፣ ናፕኪኑን እያጣጠፈ። አንድ ጥግ ላይ ያለ ምስኪን፣ ለዚህ ጉዞ ስንት ዓመት ያጠራቀመ፣ ዝም ብሎ ዳቦውን ቅቤ ይቀባል። ቀብቶ ሲጨርስ እንደገና ይቀባል።

ወደ ተራራው እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ጉራ ይፈቀድልኝ። የስኮትላንድ፣ እንዲያውም የመላው ብሪታኒያ ቁንጮ ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነው። የአዳማ ሰው አልጋው ላይ ሆኖ ቁልቁል ያየዋል። ኮሩር የሚባል ጣቢያ አለ፤ ከብሪታኒያ ዋና የባቡር መስመር ጣቢያዎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። 408 ሜትር! በዚህ ከፍታ እኛ አገር ሰው «በረሃ ወረድኩ» ብሎ ነጠላ ጫማ ያደርጋል። ኮሩር ላይ ግን ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። ሕዝብ የሚጠቀምበት የመኪና መንገድም አይደርስበትም። በእግር ወይ በባቡር ነው። ስለዚህ በሜትር አንናቃቸው።

የባቡር መስመሩን የሠሩትን ሰዎች ግን ባርኔጣዬን አንስቼ ነው የማልፈው። ራኖክ ሙር የሚባል ሰፊ ረግረግ አለ። የጣሉበትን ሁሉ ይውጣል። መሐንዲሶቹ መሬቱን ማሸነፍ ሲያቅታቸው ጭራሮ፣ የዛፍ ሥር፣ አፈርና አመድ እየደለደሉ ሐዲዱን ላዩ ላይ አንሳፈፉት። መስመሩ በ1894 ተከፈተ፤ እስካሁንም አልሰጠመም። እንግዳው ውስኪውን ይዞ በመስኮት ሲያይ «ምንም የለም፣ እንዴት ደስ ይላል» ይላል። ከታቹ በጭራሮ ተደግፎ እንደሚሄድ ቢነግሩት ውስኪውን በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰው ነበር።

«ምንም የለም» ያለው ነገር ደግሞ በሌላ በኩል ያሳስባል። የስኮትላንድ ደጋ ባዶ ሆኖ አልተፈጠረም። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባለርስቶቹ ለበግ እርባታ ብለው ብዙ ሺህ ገበሬ ከቀዬው አፈናቅለዋል። ከፊሉ ወደ ባሕሩ ዳር ተገፋ፤ ከፊሉ ካናዳ ገባ። እንግዲህ ዛሬ በውድ ዋጋ የሚታየው ጸጥታ የዚያ ውጤት ጭምር ነው። በጎቹ አሁንም አሉ። ባቡሩ ሲያልፍ ቀና ብለው ያዩና ሣራቸውን ይቀጥላሉ።

ግሌንፊናን ላይ ደግሞ ባለ 21 ቅስት የኮንክሪት ድልድይ አለ፤ በ1901 ወደ ማሌግ ወደብ የሚወስደው ቅጥያ መስመር ሲከፈት ጀምሮ ባቡር ይመላለስበታል። ዓለም ሁሉ ፎቶውን ያውቀዋል። የሚያሳዝነው፣ ድልድዩን አምሮ ማየት የሚቻለው ከታች ሆኖ ነው። በሺዎች ፓውንድ የከፈለው ላዩ ላይ ቆሞ አንገቱን ያስግጋል። ዳቦውን በቦርሳ ይዞ ኮረብታው ላይ የወጣው ተማሪ ግን ጥርት አድርጎ ያየዋል፤ ያውም በነፃ።

ከኋላ ባለው ክፍት በረንዳ ላይ ቆሞ ንፁህ አየር መሳብም የጉዞው አንዱ ክፍል ነው። እዚህ ጋ የስኮትላንድ ድሆች ወዳጅ ብቅ ይላል። ሚጅ ይባላል። የሚናከስ የዝንብ ቁንጣሪ ነው፤ በበጋ እርጥበት ባለበት ቦታ በደመና ይመጣል። የጆሮ ግንድ፣ የፀጉር ሥር፣ ኪልት የለበሰም ከሆነ ሌላም ቦታ አይቀረውም። ሀብታም ደሃ አይልም። በረንዳው ላይ ባቡሩ ቆሞ ሳለ «ኦ፣ እንዴት ያለ ውብ ምሽት!» ያለችው ወይዘሮ ወዲያው ፊቷን በጥፊ ትመታለች።

በዚያው ሐዲድ ላይ ተራው ሕዝብም ይሄዳል። ከለንደን ማታ ተነስቶ ጠዋት ፎርት ዊልያም የሚገባ ካሌዶኒያን ስሊፐር የሚባል የሌሊት ባቡር አለ። አልጋ መክፈል ያቃተው ወንበር ላይ አንገቱን አጣሞ ያድራል፤ ሲነጋ ያው ራኖክ፣ ያው አጋዘን፣ ያው ጭጋግ ነው። የቀን ባቡሮችም አሉ። መስመሩ ግን አብዛኛው ነጠላ ሐዲድ ስለሆነ የሚተላለፉት በተወሰነ ቦታ ብቻ ነው። አንዱ ቆሞ ሌላውን ይጠብቃል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ጊዜ አስቡት። የቅንጦቱ ባቡር ቆሟል። ከማሌግ የመጣው ተራ ባቡር ከጎኑ ይቆማል። መስኮት ለመስኮት ፊት ለፊት ናቸው። በዚህ በኩል ባለ ኪልቱ ሰውዬ፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ክሪስታል ብርጭቆ። በዚያ በኩል የድንች ጥብስ በወረቀት የያዘች ልጅ፣ መስታወቱን በትንፋሿ አጨልማ። ሰውዬው ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ በጨዋ ደንብ ሰላምታ ይሰጣታል። ልጅቱ ትንሽ አሰበችና ምላሷን አወጣችበት። ሰውዬው ወደ ቬኒሷ ወይዘሮ ዞር ብሎ አየ። ወደ አስተናጋጁም አየ። ማንም ልብ እንዳላለው ሲያረጋግጥ እሱም የራሱን አወጣላት።