የትምህርት ቤት ዝግጅት በወላጅ አቆጣጠር

ነሐሴ ሲጋመስ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ በጎጃም ከተሞች ትምህርት ቤት የሚጀምር ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ይታመሳል። ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ፣ ሞጣም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ዘይት ያጠጣል፣ ደብተር ነጋዴው ዋጋ ይጨምራል፣ ወላጅም ኪሱን እየዳበሰ ይተክዛል። በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል ምንም ዝግጅት የማይደረግለት ወገን ቢኖር ልጁ ብቻ ነው።

ጣጣው የሚጀምረው ከዕድሜ ነው። አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት መሆኑን፣ ከዚያም በፊት የ2 ዓመት የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት መኖሩን የማያውቅ ወላጅ ጥቂት ነው። ነገር ግን መዝጋቢው «ልጁ መቼ ተወለደ?» ብሎ ሲጠይቅ እናት «በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ፣ ላሚቱ በወለደች በሳልስቱ፣ ዶሮ ሲጮኽ» ብላ ዕለቱንና ሰዓቱን ሳታዛንፍ ትመልስና ዓመተ ምሕረቱ ላይ ስትደርስ ከባሏ ጋር ክርክር ትገጥማለች። የልደት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጀመር ይህ ክርክር ያበቃል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ሆኖም ምዝገባውን አቆይቶ የሚመጣ አባት ክርክሩን ይዞት ወደ ቀበሌ ይሄዳል።

ቀድሞ ዳኛው ጆሮ ነበር። ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ከነካ ለትምህርት ደርሷል ይባላል፤ ካልነካ ወደ ጥጆቹ ይመለሳል። ክርኑ እስኪሰነጠቅ እየተንጠራራ፣ ትከሻውን ሰብቆና አንገቱን ሰበር አድርጎ ጆሮውን የሚያስስ ልጅ ከሰኔ ጀምሮ በየደጃፉ ይታይ ነበር። ሳስበው፣ ለትምህርት ቤት መግቢያ ልጁ ራሱ የተዘጋጀበት ብቸኛው ዘመን ያ ሳይሆን አይቀርም።

ቀጥሎ የስም ነገር አለ። ልጁ ቤት ውስጥ ማሙሽ ነው። አያቱ በራሳቸው መንገድ የሚጠሩበት ስም አላቸው፤ ቄሱ በአርባ ቀኑ የሰጡት የክርስትና ስምም አለ። መዝገብ ላይ የሰፈረው «ይበልጣል» የሚለው ስም ግን አባትየው ከጎረቤት ልጅ ጋር አወዳድሮ ያወጣው ስለሆነ ከአባትየው በቀር የሚያስታውሰው የለም። በመጀመሪያው ቀን መምህርቷ «ይበልጣል!» ብለው ደጋግመው ሲጣሩ ማሙሽ፣ ይህ ይበልጣል የሚሉት ልጅ ምን ያህል ቢደነቁር ነው አቤት የማይለው እያለ ዙሪያውን ይቃኛል። ከሰዓት በኋላ ቀሪ ተብሎ እንደተመዘገበ የሚያውቅ የለም።

መምህር የሚባለውን ፍጡርም ያስተዋወቅነው እኛው ነን። ክረምቱን ሙሉ ወተት ሲደፋ «ቆይ፣ መስከረም ይጥባ፤ መምህሩ ያሳይሃል!»፣ አልተኛም ሲል «ለመምህሩ ነው የምነግርልህ!» ስንለው ከርመን፣ የአያ ጅቦን ሹመት ለመምህሩ አስረክበናል። ከዚያ በኋላ አንድ ማለዳ ፊቱን ቅባት አስነክተን፣ አዲስ ልብስ አልብሰን፣ ወደዚሁ ጅብ ደጃፍ እጁን ይዘን ስንወስደው ለምን እንደሚያለቅስ ግራ ይገባናል።

ዕውቀትን በተመለከተ ግን ወላጅ አይታማም። ዲማና ዋሸራን በመሰሉ የቅኔ ቤቶች በሚኮራ አገር፣ ሀሁን በዜማ ማስቆጠር የሚችሉ የኔታ ከአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን አጸድ ሥር ተቀምጠው እያለ፣ አባት ልጁን እንግዳ ፊት አቁሞ «ኤክስ ፎር?» ብሎ ይጠይቀዋል። ልጁም «ዛይለፎን!» ይላል። ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል። ያ ነገር የሚበላ ይሁን የሚጋለብ ልጁም አባቱም እንግዳውም አያውቁም፤ በየሠርጉ ማሲንቆ ሲሰማ ያደገ ልጅ የሙዚቃ መሣሪያ መሆኑን ቢነግሩት ምናልባት ደስ ይለው ነበር።

ዋናው ፈተና የሚመጣው ከዛይለፎን በኋላ ነው፤ እርሱም ሽንት ነው። ሱሪው «ለከርሞም ይሆነዋል» ተብሎ በሁለት ቁጥር ከፍ ብሎ የተገዛ በመሆኑ ያለ ቀበቶ አይቆምም፤ ቀበቶው የአባቱ ሆኖ በምስማር ተጨማሪ ቀዳዳ የተበሳለት፣ መቆለፊያውም ጎልማሳ የሚያስቸግር ብረት ነው፤ የሸሚዙ እጅጌ ደግሞ ጣቶቹን ጨርሶ ስለዋጣቸው መቆለፊያው ቢላላም እንኳ የሚደርስበት ጣት የለም። እንግሊዝኛ ተምሮ «መምህር፣ ሽንቴ መጣ» ማለትን ያልተለማመደ ልጅ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። ምሳ ሰዓት ሲደርስም ሽሮው እንዳይፈስ እናት በሙሉ ኃይሏ የጠረቀመችው የምሳ ዕቃ አይከፈትም። መምህርቷ የአርባ ልጅ ክዳን ሲከፍቱና የአርባ ልጅ ቀበቶ ሲፈቱ ይውሉና ሀሁ ለነገ ይተላለፋል።

በነሐሴ አንድ ሳምንት ቀበቶ መፍታት፣ አንድ ሳምንት ክዳን መክፈት፣ አንድ ሳምንት በመዝገብ ስሙ አቤት ማለት ቢለማመድ ኖሮ ወጪው ዜሮ ነበር። ነገር ግን ይህን ለጎረቤት ማሳየት አይቻልም፤ ቀበቶ ለፈታ ልጅ የሚያጨበጭብ እንግዳ የለም።

በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ለቅሷቸውን ትተው አቧራ ላይ ሲንከባለሉ፣ እናቶች አጥሩን ተደግፈው በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጋሉ፤ አባቶችም ልጃቸው ከፊት ወንበር ለምን እንዳልተቀመጠ ለመጠየቅ በሩን ይገፋሉ። ዘበኛው ዱላውን በአግድም ይዘው «እማማ፣ ጋሼ፣ በቃ ይሂዱ፤ የዘንድሮው ምዝገባ ተዘግቷል፤ እናንተ ለከርሞ ትመጣላችሁ» ይላሉ።