ቅንጦቱ ማባከኑ ነው

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ድሬዳዋ በተካሄደ የቴሌኮም ውይይት አንድ ኃላፊ በሶፍትዌር የሚታዘዝ የብርሃን መረብ፣ ማለትም መረጃ የሚጭነው ብርሃን የሚይዘውን ቦታና የሚሄድበትን መንገድ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቀያይር መረብ፣ ገመድ የተትረፈረፈላቸው አገሮች ቅንጦት ነው አሉን። ለእኛ የሚበጀው ተጨማሪ ፋይበር (ብርሃን የሚያልፍበት የመስታወት ክር) መቅበር ብቻ ነው ተባለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብሁም።

የተገላቢጦሽ ነውና! የተትረፈረፈለት ቢያባክን ማን ይጠይቀዋል? እየሰፈረ መጠቀም ያለበት ያነሰው ነው።

የከፊራን ገበያ የሚያውቅ ይፍረድ። ለነጋዴው ሁሉ አራት አራት ክንድ ቦታ ታደለ እንበል። አንድ ቁና ቃሪያ የዘረጋችው እናትም አራት ክንድ፣ ሽንኩርት በጆንያ የከመረውም አራት ክንድ። እናቲቱ ባዶ መሬት ታቅፋ ትውላለች፤ ባለ ጆንያው ሸክሙን ከፍሎ ሁለት ቦታ ላይ ይበትናል። ከዚያ «ገበያው ጠበበ፣ ሌላ ይሠራ» ይባላል። በፋይበር ውስጥ ነባሩ አሠራር ይኸው ነው። እያንዳንዱ የብርሃን ቀለም የሚጭነው ጥቂትም ይሁን ብዙ 50 ጊጋኸርትዝ (የብርሃን ቦታ መለኪያ ነው) ስፋት ተቆርጦለት ይቀመጣል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ግን ስፋቱ በ12.5 ጊጋኸርትዝ እየተሰፈረ እንዲሰጥ የሚፈቅደውን መስፈርት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በሰከንድ 100 ጊጋቢት መረጃ ለሚያሳልፍ መስመር 37.5 ይበቃል። 4,800 ጊጋኸርትዝ በሚይዝ የብርሃን ክልል ውስጥ በድሮው ስፍር 96 መስመር ይገባል፤ በአዲሱ 128። አንድ ክንድ ቦይ ሳይቆፈር! ይህ ነው እንግዲህ ቅንጦቱ።

መሣሪያው በነጻ አይመጣም፤ አልክድም። ቁፋሮውስ በነጻ ነው እንዴ?

ደግሞስ በዚያው ቦይ የተቀበረ ሁለተኛ ገመድ ምን ያድናል? ኤክስካቫተሩ አንዱን ሲበጥስ ሌላውን አይምርም። የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በ1998 ያደረገውን ያየ ሰው ባንድ መሥመር አይታመንም። ከጅቡቲ ማዶ ያለው ባሕርም አይራራም፤ በየካቲት 2016 ቀይ ባሕር ውስጥ ገመዶች ሲቆረጡ አይተናል። እንዲህ ባለው ቀን የሚያስፈልገው፣ ብርሃኑን ከተዘጋው መንገድ አንሥቶ በሱዳን ወይም በኬንያ በኩል ወዳለው መውጫ በትእዛዝ የሚያዞር መረብ ነው፤ ባለሙያ በመኪና ተጉዞ ገመድ እስኪነቅልና እስኪሰካ የሚጠብቅ አይደለም። ባቡር የወለዳት ከተማ የሐዲድ ማቀያየሪያን ጥቅም ከእኔ ልትማር አይገባትም ነበር።

«ባለሙያ የለንም» የሚለውንም ሰማሁ። ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ፣ ከተማሪዎቹ ፊት!

በመጨረሻ ዕድል ሲሰጠኝ፣ እስካሁን ከተቀበረው ክር ውስጥ ስንቱ በርቶ መረጃ እንደሚያሳልፍ፣ በበራው ላይም ስንት ቦታ ባዶ እንደሆነ ጠየቅሁ። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አይተው ሻይ እንደቀረበ ነገሩን።