ማስተካከያ፦ ዩሮቪዥንን ያሸነፈችው ሌና ናት

ጀርመናዊው የቴሌቪዥን አዝናኝና ቀልደኛ ሙዚቀኛ ሽቴፋን ራአብ «እ.ኤ.አ. በ2010 ራሱ በጻፈው ‹ሳተላይት› ዩሮቪዥንን አሸነፈ፤ ጀርመንን ለድል ያበቃት ቀልዱ ነው» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው። ስህተት ነው።

በዚህ የአውሮፓ አገሮች የዘፈን ውድድር ኦስሎ ላይ በ246 ነጥብ ያሸነፈችው ጀርመናዊቷ ዘፋኝ ሌና ማየር ላንድሩት ናት። 19 ዓመት ከሞላት ገና ሳምንት አልሆናትም ነበር። ‹ሳተላይት› የተባለውን ዘፈኗን የጻፉት ደግሞ ጁሊ ፍሮስትና ጆን ጎርደን ናቸው። ይህ በውድድሩ ይፋዊ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

የራአብ ድርሻ ሌላ ነው፤ ትንሽ ግን አይደለም። ሌና በተመረጠችበት የቴሌቪዥን ውድድር ዳኞቹን የመራው እሱ ነው። ቀልዱን ይዞ ዩሮቪዥን የገባው ከዚያ በፊት ነው። በ1998 ለዘፋኙ ጊልዶ ሆርን ዘፈን ጻፈ። በደራሲነት የተጠቀመው ስም ግን «አልፍ ኢገል» ነበር፤ ታዋቂውን የዜማ ደራሲ ራልፍ ዚገልን መንካቱ ነበር። 7ኛ ወጡ። በ2000 ስቶክሆልም ላይ ራሱ ዘፈነ፤ 5ኛ ሆነ። ጥሩ ውጤት ነው፣ ድል ግን አይደለም።

ስለዚህ ጽሑፉ ስለ ቀልድ የደረሰበት መደምደሚያም አይሠራም። ካጋራችሁት የሁለቱን ደራሲዎች ስም ጨምሩበት፤ ሥራው የነሱ ነው።