የተሰነጠቀው ዋሽንቴ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ፓሪስ ውስጥ፣ ከአንዲት ጠባብ አዳራሽ የፍሉት፣ የፈረንጆቹን ዋሽንት፣ ጨዋታ ሰምቼ ተቃጥዬ ወደ ቤቴ ገባሁ። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም።

የተነፋው እኮ የፈተና ዜማ ነው! የፓሪስ ኮንሰርቫቶሪ፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ፣ በየዓመቱ የፍሉት ተማሪዎቹን ለሽልማት ያወዳድር ነበር። ለሁሉም አንድ ዜማ ይሰጥ ነበር። ፈረንሳዊው የዜማ ደራሲ ፎሬ እ.ኤ.አ. በ1898 የጻፈው «ፋንታዚ» መጀመሪያ ትንፋሽን የሚፈትን ዝግ ያለ ክፍል አለው፤ ከዚያ ጣት የሚያወላግድ ሩጫ ይከተላል። እኛ የማትሪክ ወረቀታችንን በርበሬ ጠቅልለንበታል። እነርሱ የፈተና ወረቀታቸውን ከመቶ ዓመት በኋላም ቲኬት ቆርጠው፣ ሳል እንኳ አፍነው ያዳምጡታል።

ይበልጥ ያንገበገበኝ ግን መሣሪያው ነው። ነፊዋ ልጅ መጀመሪያ የቱሉን ዜማ የነፋችው በጥቁር የእንጨት ፍሉት ነበር። ዣን ሉዊ ቱሉ ከ1829 ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ገደማ እዚያው ኮንሰርቫቶሪ ያስተማረ ግትር ሰው ነው፤ ጀርመናዊው ቦም የፈለሰፈውን አዲስ ፍሉት በክፍሉ ደጃፍ አላስደረሰም። የቦም ፍሉት የገባው በ1860፣ ዶሩስ የተባለ መምህር ወንበሩን ሲረከበው ነው። ግትርነቱን ስሰማው ገባኝ፤ በአሮጌው ፍሉት አንዱ ድምፅ ጥርት ሲል ሌላው ጭጋግ ይለብሳል፣ ቱሉም ዜማውን የጻፈው ያንን ጭጋግ አውቆ ነው። ፎሬ ሲደርስ ልጅቷ እንጨቱን አስቀምጣ የዘመኑን የብር ፍሉት አነሳች። ለካ እርሷም እንደ እኛ ዋሽንት ነፊዎች እየቀያየረች ነው የምትነፋው!

ከመጀመሯ በፊት የእንጨቱን ፍሉት ብብቷ ሥር ሸጉጣ ስታሞቀው አየሁ። ቀስ ብላ፣ እንደ ታመመ ጫጩት። ያን ጊዜ ፊቴ ጋለ።

አጎቴ ከጎጃም ያመጣልኝን የሸምበቆ ዋሽንት እኔ የሰቀልሁት ከማሞቂያው በላይ ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ቷ! ብሎ ተሰነጠቀ። አጎቴ አርፏል፤ የሚነፋቸውን ዜማዎች የቀዳ የለም፣ እኔም ጭምር። ወንድሜን ሌላ ዋሽንት ላክልኝ ብዬ ብጠይቀው ከውኃ ቧንቧ የተሠራ ፕላስቲክ ላከልኝ። ብቆጣው፣ «ይኼ አይሰነጠቅም» አለኝ። ምን ልመልስለት?

ከአዳራሹ እንደተመለስሁ የተሰነጠቀውን በክር ጠቅልዬ ሞከርሁት። ሦስቱ ቀዳዳዎች ይናገራሉ። አራተኛው ያፏጫል።