እርማት፦ ጥያቄው የሮኬቱ ዋጋ አይደለም

ጋሼ፣ ትናንት ጣና ዳር ቡና ስንጠጣ «በጥቂት መቶ ዶላር የተሠራን ሮኬት በ50,000 ዶላር ሚሳይል መምታት ዕብደት ነው» ብለው ነበር። ብዙ ሰው እንዲሁ ይላል። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ስሌቱ ከመነሻው የተሳሳተ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2011 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የእስራኤሉ የሮኬት መከላከያ፣ አይረን ዶም፣ የመጣውን ሁሉ አይመታም። ራዳሩ ሮኬቱ እንደተነሣ ያየዋል፤ ኮምፒውተሩ መውደቂያውን ያሰላል፤ ሜዳ ላይ የሚወድቀውን ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። እኛ በተቀመጥንበት ቢተከል ኖሮ ወደ ሐይቁ መሃል የሚሄደውን ለዓሣው ትቶ፣ ወደ ገበያው የሚመጣውን ይመታ ነበር። ስለዚህ 50,000 ዶላሩ የሚመዘነው ሮኬቱ ሊያፈርሰው ከነበረው ቤትና ሊያጠፋው ከነበረው ሕይወት ጋር ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ወደ ባሕር ዳር ሮኬት በተተኮሰበት ሌሊት ስለ ዋጋው የጠየቀ ጎረቤት አላስታውስም።

«አንድም አያመልጠውም» የሚሉትም ቢሆኑ ይሳሳታሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 በሳዑዲዋ ዳህራን የነበረው ፓትሪዮት የተባለው የአሜሪካ ፀረ ሚሳይል መሣሪያ ከ100 ሰዓት በላይ ሳይጠፋ ሲሠራ ሰዓቱ በሰከንድ ሲሶ ያህል ተዛባ፤ ከኢራቅ የተተኮሰውን ስከድ ሚሳይል መከታተል ተስኖት ሳይመታው ቀረ፤ 28 አሜሪካውያን ወታደሮች ሞቱ።

የእርስዎ ስጋት ልክ የሚሆነው በርካሽ ድሮኖች ላይ ነው። ሚሊዮኖች የሚያወጣ የፓትሪዮት ሚሳይል በየድሮኑ ላይ ቢተኮስ መጋዘኑ ቶሎ ባዶ ይቀራል፤ ዩክሬናውያን ለድሮን መትረየስና ድሮን የሚመታ ድሮን የሚያሰልፉት ለዚህ ነው።